ትንሽ የላላ ገመድ

ባሕር ዳር ተወልጄ ስላደግሁ ጀልባ የሚያስደንቀኝ አይመስለኝም ነበር። የነገደ ወይጦ ጥበበኞች ደንገል እያሰሩ የሚሠሩትን ታንኳ ከልጅነቴ ጀምሮ እያየሁ ነው ያደግሁት። በዛንዚባር ሰሜናዊ ጫፍ፣ ኑንግዊ በምትባለው የአሣ አስጋሪዎችና የጀልባ ሠሪዎች መንደር ግን አንዲት ንጋላዋ የምትባል ጀልባ ግራና ቀኝ ክንፎቿን ዘርግታ አሸዋ ላይ ተቀምጣ ሳይ እግሬ አልንቀሳቀስ አለ።

የጀልባዋ ባለቤት አንድ ሽማግሌ ናቸው። ከወንድማቸው ልጅ ጋር የተዋወቅሁት ማታ ሻይ ስንጠጣ ነበር፤ ወጣቱ «ነገ ከእኛ ጋር ውጣ» አለኝ። ጎህ ሲቀድ ስደርስ አስቀድሞ እንዳስጠናኝ ሽማግሌውን «ሺካሞ» አልኳቸው፤ ለታላቅ ብቻ የሚሉት ሰላምታ ነው። «ማራሃባ» ብለው ተቀበሉኝና ዓይናቸውን ወደ ጫማዬ አወረዱ። አወለቅሁት።

የንጋላዋ ቀፎ ከአንድ የማንጎ ግንድ ተፈልፍሎ የሚወጣ ነው። ማንጎ ለባሕር የሚታመን እንጨት አይደለም፤ ይሰነጠቃል፣ ቶሎም ይበሰብሳል። ነገር ግን ግንዱ ወፍራም ነው፣ ለመጥረብም አያስቸግርም። መጥረቢያውን ቴዞ ይሉታል፤ ምላጩ እንደ ዶማ ወደ ጠራቢው የዞረ ነው። እጄን ወደ ውስጥ ሰድጄ ስዳስሰው ምላጩ ያረፈባቸው ትንንሽ ጎድጓዶች እንደ አሣ ቅርፊት ተደራርበው አገኘኋቸው። ቀፎው ከወለሉ ወፍራም ነው፤ ወደ አፉ ሲወጣ እየሳሳ ሄዶ የአውራ ጣት ውፍረት ይቀረዋል። ምን ያህል እንደቀረ በምን ይታወቃል ብዬ ጠየቅሁ። ሽማግሌው አልመለሱልኝም፤ በጣታቸው አንጓ ከታች ጀምረው ወደ ላይ ኳ ኳ እያደረጉ አሰሙኝ። ታች ድፍን ያለ፣ ላይ ጠራ ያለ ድምፅ። ከበሮ ሠሪ ቆዳውን እንደሚፈትን ማለት ነው። በአንድ በኩል የክንድ ያህል ርዝመት ያለው ስንጥቅ ነበረ፤ ዘይት የጠጣ ጥጥ ጠቅጥቀውበታል። እንጨቱ ሁሉ ሲፋ በሚሉት የሻርክ ጉበት ዘይት ተቀብቷል። ሽታው፣ እውነቱን ልናገር፣ ቁርስ አያስበላም።

እኔን የያዘኝ ግን ክንፎቹ ናቸው። ቀፎው ጠባብ ስለሆነ ብቻውን ሸራ ቢሸከም ይገለበጣል፤ ስለዚህ ሁለት አግዳሚ እንጨቶች ከላዩ ተሻግረው በግራና በቀኝ አንዳንድ ተንሳፋፊ ይይዛሉ። ተንሳፋፊው ድቡልቡል ግንድ ይመስለኝ ነበር፤ ጠፍጣፋ ሳንቃ ነው፣ ያውም ጋደል ብሎ የተገጠመ። ለምን ጋደል እንዳለ የገባኝ ከወጣን በኋላ ነው። ጥር ነበርና ካስካዚ የሚሉት የሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ከቀኛችን ይመጣል፤ ጀልባዋ ወደ ግራ ታዘነብላለች። የግራው ሳንቃ ውሃውን ሲነካ አልሰጠመም። በፍጥነቱ ልክ ውሃው ከሥሩ እየገፋ ያነሳዋል፤ በረታ ብለን በሄድን ቁጥር የሚደግፈን ጉልበትም ይበረታል። ቆመን አሣ ስንጠብቅ ደግሞ ያው ሳንቃ ሰነፍ ሆኖ ውሃ ውስጥ ይዋኛል።

አግዳሚዎቹ ከቀፎው ጋር የተያያዙት በገመድ ነው። ማዕበሉ ሲያነሳን ገመዶቹ «ጢር» ይላሉ፤ ቀፎው ወደ አንድ ወገን ሲሄድ ክንፉ ጥቂት ዘግይቶ ይከተለዋል። መጀመሪያ ፈራሁ፣ ሊፈታ ነው ብዬ። ወጣቱ ሳቀብኝ፤ ሁለት መዳፉን አጋጥሞ እያወዛወዘ «እንዲህ ካልሆነ ማንጎው ይሰበራል» አለኝ። የታሰረበት ልክ እዚያ ላይ ነው፤ ቢላላ ክንፉ ይሄዳል፣ ቢጠብቅ ቀፎው ይሰነጠቃል። የጣናው ታንኳም የታሰረ ነው፤ የእሱ ገመድ ግን ደንገሉን አንቆ ሊይዝ ነው የሚጠብቀው። እዚህ ያየሁት ማሰር ሌላ ነው።

የዚህ ባሕር የጀልባ ሥራ በማሰር ላይ ያደገ ነው። በ1ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አንድ ስሙ ያልታወቀ በግሪክኛ የጻፈ ነጋዴ የአክሱምን ወደብ አዱሊስን በገለጸበት በዚያው መጽሐፍ፣ ወደ ደቡብ ወርዶ ምኑቲያስ ስለሚላት ደሴት የተሰፉ ጀልባዎች ጽፏል፤ ደሴቲቱ ዛንዚባር ወይም ፔምባ ሳትሆን አትቀርም። ሳንቃው ከሳንቃ ጋር በገመድ የሚሰፋበት ምቴፔ የሚባለው መርከብ በዚህ ጠረፍ እስከ ቅርብ ዘመን ይንሳፈፍ ነበር። ዛሬ ኑንግዊ ላይ ትልልቆቹ ጀልባዎች በምስማር ይመታሉ። የንጋላዋ ክንፍ ግን ገና በገመድ ነው፤ ገመዱ ናይሎን ሆነ እንጂ።

ስለ አሣው ብዙ የምለው የለኝም። ዘንግ የለም፤ ክር፣ እርሳስ፣ መንጠቆና የስኩዊድ ቁራጭ ብቻ። ሽማግሌው ክሩን በሌባ ጣታቸው ላይ አሳርፈው ዓይናቸውን ከድነው ይቀመጣሉ፤ አሣው ሲነካካ አይጎትቱም፣ እንዲያውም ጥቂት ይለቁለታል። እኔ የመጀመሪያውን እንደተሰማኝ በሙሉ ክንዴ ሳብኩት፤ ባዶ መንጠቆ ወጣ። ሁለተኛውንም እንዲሁ። ሦስተኛው ላይ ሽማግሌው ዝም ብለው የእጄን አንጓ ያዙኝ፤ እስኪለቁኝ ጠበቅሁ፣ ከዚያ ሳብኩ። ቻንጉ የሚሉት አሣ ነበር፣ ከመዳፌ ብዙም የማይበልጥ። እሳቸው በዚያ ጊዜ ውስጥ ቅርጫቱን ግማሽ አድርሰውታል።

ስንመለስ ነፋሱ ከግራችን ስለሚመጣ ሸራው ወደ ሌላው ጎን መሻገር ነበረበት። ሽማግሌው የጀልባዋን ጀርባ ለነፋስ ሰጡ። ሸራው ተለቆ ወደ ፊት እንደ ባንዲራ ሲውለበለብ ወጣቱ ሸራውን የተሸከመውን ረጅም እንጨት አቁሞ፣ በምሰሶው ፊት ለፊት አሳልፎ፣ በባዶ እግሩ የጀልባዋን አፍንጫ ረግጦ ወደ ማዶ አወረደው። አሥር ትንፋሽ እንኳ አልፈጀም። እኔ ጎንበስ ብዬ ራሴን ይዣለሁ።

አሸዋው ላይ ደርሰን ሰዎች ቅርጫቱን ሊያዩ ተሰበሰቡ። ሽማግሌው ወደ አሣው አልሄዱም። የፊተኛውን አግዳሚ ዞረው ገመዱን በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት፤ አንዱን ዙር ፈትተው ጥቂት ለቀቅ አድርገው መልሰው አሰሩት፤ ከዚያ እንደ ጠዋቱ በጣታቸው አንጓ ቀፎውን ኳ አድርገው ጆሯቸውን አስጠጉ።