«ፕሮቬናንስ»፤ ከጽሕፈት ቤት ተጥለው ስለ ከበሩ ወንበሮች

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አሜሪካዊቷ ኤሚ ሲገል በ2013 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው) ያዘጋጁትን «ፕሮቬናንስ» የተባለውን የ40 ደቂቃ ፊልም ነው። ነገሩ ስለ ወንበርና ስለ ጠረጴዛ ይመስላል፤ ዳሩ ግን የተጣለ ዕቃ አዳንሁ የሚል ሰው በእርግጥ ምን እንዳዳነ የሚያስጠይቅ ሥራ ነው።

በ1947 ዓ.ም. ህንድና ፓኪስታን ሲለያዩ ላሆር በፓኪስታን በኩል ስለ ቀረች፥ ለህንድ ለደረሰው ፑንጃብ ቻንዲጋር የምትባል አዲስ ዋና ከተማ ተቈረቈረች። ፕላኑን ለ ኮርቡዚዬ ሲመሩ፥ የመሥሪያ ቤቶቹን የእንጨት ዕቃ በአብዛኛው ዘመዳቸው ፒየር ዣንሬ ከህንዳውያን ባልደረቦቻቸው ጋር ነደፉ። ቲክ ከሚባለው ጠንካራ እንጨት የተሠራው፥ መቀመጫው በልጥ የተጐነጐነው፥ እግሩ እንደ ኮምፓስ የተከፈተው ወንበር ለጸሐፊ የተሰጠ ተራ ዕቃ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ሲያረጅና ሲሰበር በየሰገነቱና በየግቢው ተከመረ፤ በሐራጅም ተሸጠ። ነጋዴዎች ገዝተው፥ አድሰው፥ በአውሮፓና በአሜሪካ በብዙ ሺህ ዶላር ሸጡት። የህንድ መንግሥት ያለ ፈቃድ እንዳይሸጥ ያዘዘው በ2011 ዓ.ም. ነው።

ፊልሙ ይህን ታሪክ የሚያሳየን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው፤ በቅድሚያ የባለጸጎች ቤት፥ ቀጥሎ ሐራጁ፥ የጠጋኞቹ ሱቅ፥ መርከቡ፥ በመጨረሻም ቻንዲጋር። ተራኪ የለውም። ይህን አሰላለፍ እናመሰግናለን፤ ዋጋውን አስቀድመን አይተን ኋላ በዚያው ዐይነት ወንበር ሰው ተቀምጦ ሲሠራ ስናይ፥ ከእንጨቱ ይልቅ የተለወጠው ቦታው መሆኑን ያለ አስረጂ እንረዳለን። ደግሞም ሲገል ይህንኑ ፊልም በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ በክሪስቲስ ሐራጅ አሸጡት፤ ከገበያው ውጭ ቆመው አልፈረዱም።

ዝምታው ግን የሚያጐድለው ነገር አለ። የሚናገር ስለሌለ ተመልካቹ ነጋዴውን ሌባ ማለት ይቀናዋል፤ ሆኖም ዕቃውን በሐራጅ ያወጣው ባለቤቱ ራሱ ነው፤ የሚገዛው ባይገኝ ኖሮ ብዙው ማገዶ ሊሆን ይችል ነበር። በሌላ በኩል ማደስ ሁሉ ማዳን አይደለም። አሮጌው ቀለም ተፍቆ፥ ልጡ ተለውጦ፥ የመሥሪያ ቤቱ ቍጥር ለማስረጃ ብቻ የቀረለት ወንበር የዳነው ለዐይን ነው። የዣንሬ ስም ዋጋውን ከፍ ሲያደርግ፥ እንጨቱን ያነጹት አናጢዎች እነማን እንደ ነበሩ ፊልሙም አይነግረንም።

በእኛ አስተያየት እውነተኛው ማዳን የላላውን መገጣጠሚያ አጥብቆ፥ ልጡን ጐንጕኖ፥ ወንበሩን ወደ ጸሐፊው መመለስ ነው። ስለዚህ አሮጌ የእንጨት ዕቃውን በብረትና በፕላስቲክ ለመለወጥ የሚያስብ መሥሪያ ቤት ሁሉ፥ ሐራጅ ከማውጣቱ በፊት አናጢ ቢጠራ ይሻለዋል እንላለን።