ውዳሴ ዘይድነቃቸው ተሰማ፤ ለአራዳው መምህር

ክብርና ምስጋና ለይድነቃቸው ተሰማ፤ ለአራዳ ፈርጥ፣ ለቅዱስ ጊዮርጊስ ማኅበር ዐምድ፣ ለአፍሪካ እግር ኳስ ሊቀ መምህራን። በ1914 ዓ.ም. በርእሰ ዐውደ ዓመት በጅማ ተወለዱ፤ በ1979 ዓ.ም. ነሐሴ 13 ቀን፣ በደብረ ታቦር በዓል ዐረፉ። በአደይ አበባ የመጡ፣ በቡሄ ችቦ የተሸኙ ናቸው።

አባታቸው ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ነበሩ፤ የግጥም ባለጸጋ፣ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ያስቀረጹ የዜማ ጌታ። አባት በአንደበት የተቀኙትን ልጅ በእግር ተቀኙት።

የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት ተማሪ ሳሉ፣ በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም. በአራዳ አንድ ቡድን ተመሠረተ፤ የሰማዕቱን የቅዱስ ጊዮርጊስንም ስም ለበሰ። ዐምስት ወር ሳይሞላው ጠላት መዲናይቱን ወረሰ፤ ቡድኑንም «ሊቶሪዮ ውቤ ሰፈር» ብሎ ሰየመው። ስሙን ፋቀ፤ ልቡናውን ግን መፋቅ አልተቻለውም። ይድነቃቸው በዚያ ማልያ ከፋሽስት ዘመን እስከ ነጻነት፣ ከልጅነት እስከ ጕልምስና ጸኑ፤ በ23 ዓመት 365 ግጥሚያ ተሰለፉ፣ 318 ግብ አስቆጠሩ። የዛሬ ወጣት ይህን ሰምቶ ተረት ቢመስለው አይፈረድበትም።

የክብራቸው ጕልላት ግን መምህርነታቸው ነው። እግራቸው የተማረውን ለትውልድ ሊያወርሱ ተነሡ፤ የልዩ ልዩ ስፖርቶችን ሕግና ደንብ ወደ አማርኛ መለሱ፤ ሜዳውን ጉባኤ፣ ኳሱን መጽሐፍ አደረጉ። በ1936 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ሻምፒዮና ሲካሄድ ኢትዮጵያዊው ጊዮርጊስ፣ የአርመኖቹ አራራት፣ የግሪኮቹ ኦሎምፒያኮስ፣ የጣልያኖቹ ፎርቲቱዶና የእንግሊዝ ጦር ቡድን በአንድ ሕግ ሥር ቆሙ። ትናንት ገዥና ተገዥ የነበሩ በአንዲት ፊሽካ እኩል ታዘዙ፤ ከዚህ የሚልቅ ትምህርት በየትኛው ሰሌዳ ይጻፋል?

የደቀ መዛሙርታቸው ምረቃ ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ሆነ። ከጥምቀት በኋላ በሁለተኛው ቀን፣ ኢትዮጵያና ግብፅ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ሲገናኙ፣ አዲስ አበባ በስታዲየሟ ተሰበሰበች፤ በአሠልጣኙ ወንበር ይድነቃቸው ተቀመጡ። ግብፅ ሁለት ጊዜ ቀደመች፤ ሁለት ጊዜም ተደረሰባት፤ አንዴ በግርማ ተክሌ፣ አንዴ በሉቻኖ ቫሳሎ። በጭማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ ሦስተኛውን፣ መንግሥቱ ወርቁ አራተኛውን አገቡ። 4 ለ 2! ሉቻኖም የአፍሪካን ዋንጫ ከንጉሠ ነገሥቱ እጅ ተቀበለ። ያን ዋንጫ ኢትዮጵያ ከዚያ ወዲህ ደግማ አላነሣችውም፤ የመምህሩ ልቀት ለእኔ በዚህም ይገለጻል።

ያም ሆኖ ትምህርታቸው በአንዲት አገር ዳርቻ አልተወሰነም፤ ከአራዳ የወጣው ቃል አህጉርን አዳረሰ። በ1949 ዓ.ም. በካርቱም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን ሲመሠረት ከመሥራቾቹ አንዱ እርሳቸው ነበሩ። ደቡብ አፍሪካ ነጭን ከጥቁር ለይታ ልትሰለፍ በሻች ጊዜ መሥራቾቹ በሩን ዘጉባት። ይድነቃቸውም ከ1964 ዓ.ም. ጀምሮ በፕሬዚዳንትነት መንበር ተቀምጠው፣ የአፓርታይድ ቡድን እንዳያልፍበት ያንን በር እስከ ዕለተ ዕረፍታቸው ጠበቁት።