ስለ አስፈሪው የቴሌቪዥን ትርኢትና ስለ ተመልካቾቹ ፍርድ

የሰው ልጅ ከሚያስፈራው ነገር ይሸሻል፤ ዳሩ ግን የሚያስፈራውን ነገር ሲተርኩለት ጆሮውን ያዘነብላል። በምሽት እሳት ዙሪያ ስለ ጅብና ስለ ጭራቅ የሚነገረውን ተረት ሕፃናት እየተንቀጠቀጡ ቢሰሙትም ‹‹ይብቃን›› አይሉም፤ እንዲያውም ‹‹ድገሙልን›› ይላሉ። ይህ ጠባይ ለአንድ አገር ወይም ለአንድ ዘመን ሰው ብቻ የተሰጠ አይደለም። ስለዚህ በዛሬው ዘመን እሳቱ በቴሌቪዥን መስተዋት ቢተካ፥ ተራኪዋም አያት በፊልም አዘጋጅ ብትለወጥ፥ ነገሩ ያው የጥንቱ ነገር ነው። የሚለየው ተረቱ ካለቀ በኋላ የዛሬው ሰሚ በዝምታ ወደ መኝታው አለመሄዱ ነው፤ ያየውን ሁሉ እየመዘነ ‹‹ይህ መልካም ነው፥ ያ ክፉ ነው›› እያለ ፍርዱን ለሌላው ያሰማል። ፍርዱም ስለ ሥራው ብቻ ሳይሆን ስለ ፈራጁ ልብ ይናገራልና መመርመር ይገባዋል።

ለዚህ ምርመራ የሚመች ምሳሌ የሜክሲኮ ተወላጅ የሆነው ጊዬርሞ ዴል ቶሮ ያቀረበው ‹‹ካቢኔት ኦቭ ኩሪዮሲቲስ›› የተባለው ትርኢት ነው፤ በአማርኛ ‹‹የድንቅ ዕቃዎች ቁም ሣጥን›› ቢባል ይስማማዋል። ስሙ የተወሰደው በቀድሞ ዘመን የአውሮፓ መኳንንት ከሩቅ አገር የመጣውን እንግዳ ዕቃ፥ የአውሬውን አጥንትና የከበረውን ድንጋይ ከሚያከማቹበት ክፍል ነው። ትርኢቱ በኔትፍሊክስ የወጣው በ2015 ዓ.ም. ከጥቅምት 15 እስከ 18 ቀን ሲሆን፥ ይኸውም በፈረንጆች አቈጣጠር ከኦክቶበር 25 እስከ 28 ቀን 2022 ነው፤ በየቀኑ ሁለት ሁለት እየሆነ በ4 ቀን 8 ታሪክ ተፈጸመ። እያንዳንዱ ታሪክ ለየብቻው የቆመ ነው፤ በአንዱ ያለው ሰው በሌላው አይገኝም፤ አዘጋጆቹም ልዩ ልዩ ናቸው። ዴል ቶሮ በየታሪኩ መግቢያ እየቆመ ከሣጥኑ አንድ ዕቃ ያወጣል፤ የአዘጋጁንም ስም ይናገራል።

ይህ ልማድ ከእርሱ የተጀመረ አይደለም። ከዚህ በታች የሚጻፈው ዓመት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር ነውና፥ አልፍሬድ ሂችኮክ በ1955 በአሜሪካ ቴሌቪዥን እንደዚሁ በየታሪኩ መግቢያ ይቆም ነበር። ከእርሱም በኋላ ሮድ ሰርሊንግ ከ1959 እስከ 1964 ‹‹ትዋይላይት ዞን›› የተባለውን ትርኢት 156 ታሪክ አድርጎ አቀረበ፤ ከእነዚህም 92ቱን የጻፈ እርሱ ራሱ ነው። ሰርሊንግ አስቀድሞ በጥቁሮች ላይ ስለሚደርሰው ግፍ በግልጥ ቢጽፍ፥ ለትርኢቱ ገንዘብ የሚከፍሉት ነጋዴዎች እያስፋቁ አስቸገሩት። ስለዚህ ያንኑ እውነት የሌላ ዓለም ፍጥረትና የሚያስደነግጥ ተኣምር አልብሶ ቢያወጣው የከለከለው አልተገኘም። ነጋዴዎቹ ልብሱን አይተው አሳለፉት፤ አስተዋይ ተመልካች ግን ከልብሱ በታች ያለውን አካል አየ።

ይህን ዐይነት አነጋገር የቅኔ ቤት ሰዎች ከጥንት ጀምረው ያውቁታል፤ ሰምና ወርቅ ይሉታል። ሰሙ ላይኛው መልክ ነው፤ ወርቁ ከውስጥ ያለው ምሥጢር ነው። ተማሪው የቈጠረውን ቅኔ ለመምህሩ ሲነግር መምህሩ የሚጠይቀው ሰሙ ማማሩን ብቻ አይደለም፤ ሰሙ ወርቁን መሸከሙን ይመረምራል። ወርቅ የሌለው ሰም ባዶ ጩኸት ነው፤ ሰሙ የማይመጥነው ወርቅም ያፈሳል። እንግዲህ በአስፈሪ ታሪክ ጭራቁ፥ መንፈሱና ደሙ ሰሙ ነው፤ ስለ ሰው ልብ የሚነገረው ነገር ወርቁ ነው። ስለ ዴል ቶሮ ትርኢት የተሰማው ፍርድም በዚህ ሚዛን ሲታይ በአራት ወገን ይከፈላል።

የመጀመሪያዎቹ ፍርሃትን እንደ እህል በቁና የሚሰፍሩ ናቸው። ጥያቄያቸው ‹‹አስፈራኝ ወይስ አላስፈራኝም?›› የሚል ብቻ ነው። እነዚህ ‹‹ዘ ቪዊንግ›› በተባለው ታሪክ እጅግ ተከራከሩ፤ በዚያ ታሪክ አንድ ባለጠጋ አራት ዐዋቂዎችን ወደ ቤቱ ጠርቶ ብዙ ሰዓት ሲያጫውታቸው ይቈያል፤ አስፈሪው ነገር የሚመጣው በመጨረሻ ነው። ከፊሎቹ ‹‹አሰለቸን›› አሉ፤ ከፊሎቹ ስለ ቀለሙና ስለ ዜማው አመሰገኑት። ዳሩ ግን ሁለቱም ወገኖች የተከራከሩት በሰሙ ነው። ያላወቁትን ለመክፈት ስለሚቸኩሉ ትዕቢተኞች የሚናገረው ወርቅ ቀጭን ስለ ሆነ ሰሙን ሊመላው አለመቻሉን የተናገረ ጥቂት ነው።

እነዚሁ ሰፋሪዎች ‹‹ዘ አውትሳይድ›› የተባለውን ታሪክ ‹‹ያስቃል እንጂ አያስፈራም›› ብለው አቃለሉት። ነገሩ ግን እንዲህ ነው። በባንክ የምትሠራ አንዲት ሴት የሥራ ጓደኞቿን መልክ ተመኝታ የሚያሳክካትንና የሚያቈስላትን ቅባት ትቀባለች፤ በቴሌቪዥን ቅባቱን የሚያስተዋውቀው ሰው በስሟ እየጠራ ያነጋግራታል፤ በመጨረሻም እንዳለች የሚወድዳትን ባሏን ትገድላለች፤ ከዚያም ያማረች ሆና ወደ ጓደኞቿ ትመለሳለች። በቴሌቪዥን የሚታይ ሥራ ራሱን ቴሌቪዥንን ሲከስ ከማየት የሚበልጥ ምን አስፈሪ ነገር አለ? ይህ ታሪክ ያላስፈራው ተመልካች ምናልባት የተከሰሰው እርሱ ራሱ መሆኑን አላስተዋለ ይሆናል።

ሁለተኞቹ መጽሐፉን አስቀድመው ያነበቡ ናቸው። ከ8ቱ ሁለቱ የተወሰዱት ከአሜሪካዊው ጸሐፊ ከላቭክራፍት ድርሰት ነው፤ ይኸውም በ1927 የታተመው ‹‹ፒክማንስ ሞዴል›› እና በ1933 የታተመው ስለ ጠንቋይዋ ቤት ሕልም የሚናገረው ነው። አንባቢዎቹ ‹‹ድርሰቱ ተለውጧል›› ብለው አጕረመረሙ። እነዚህ በከፊል እውነት አላቸው። በላቭክራፍት ድርሰት የጠንቋይዋ ቤት ተከራይ የሒሳብ ተማሪ ነው፤ በትርኢቱ ግን የሞተች መንትያ እኅቱን ፍለጋ የሚንከራተት ወንድም ሆኗል። ኀዘን መልካም ወርቅ ነበር፤ ነገር ግን ለሌላ ወርቅ በተሠራው ሰም ውስጥ ስለ ገባ አልገጠመም። በፒክማንም ታሪክ ጸሐፊው የፈጸመው በአንዲት ፎቶግራፍ ነው፤ አንባቢው ከእርሷ የተነሣ ሠዓሊው የሣለው ከሕያው ነገር መሆኑን ያስተውላል፤ ሌላ ቃል አያስፈልግም። ትርኢቱ ግን ይህ አልበቃው ብሎ በሰውየው ቤት ውስጥ የሚዘገንን የደም ሥራ ጨመረበት። ቅኔ የሚያውቅ ሰው እንዲህ ያለውን ስሕተት ወዲያው ይለየዋል፤ ምሥጢሩ ከተገለጠ በኋላ የሚጨመር ቃል ሁሉ ምሥጢሩን ይቀብረዋልና። ይሁን እንጂ እነዚህ አንባቢዎች ለውጥን ሁሉ እንደ በደል መቍጠራቸው ልክ አይደለም። ሰም ሊለወጥ ይችላል፤ የሚያስወቅሰው ወርቅን መጣል ነው።

ሦስተኞቹ ፈጽመው የሚከለክሉ ናቸው፤ ሰይጣን የሚታይበት ነገር ሁሉ በምእመን ዐይን ፊት ሊቀርብ አይገባም ይላሉ። የእነዚህ ቃል በችኰላ የሚናቅ አይደለም። ትርኢቱ ለአዋቂዎች ተብሎ የተሠራ ነው፤ በብዙ ቦታም አካል ሲቈረጥና ሲቀደድ ያሳያል፤ ዐይንም እንደ አፍ ጾም እንዳላት ሊቃውንት ያስተምራሉ። ስለዚህ ልጆቹን ከዚህ የሚጠብቅ አባት ፈሪ ተብሎ አይነቀፍም። ነገር ግን ሰይጣንን መሣል ብቻውን ኀጢአት ቢሆን ኖሮ የአብያተ ክርስቲያናት ግድግዳ ባዶ በሆነ ነበር። የቀድሞ ሠዓሊዎች ሰይጣንን በሰንሰለት ታስሮ ሣሉት፤ ክፉዎችንም በአንድ ዐይን በጐን አሳዩዋቸው፤ ጻድቃንን ግን በሁለት ዐይን ፊት ለፊት ሣሉ። ክፋት መታየቱ አልቀረም፤ ነገር ግን ስፍራው ተለይቶ ታወቀ። እንግዲህ ትክክለኛው ጥያቄ ‹‹ሰይጣን አለበት ወይ?›› ሳይሆን ‹‹ከሰይጣኑ አጠገብ ማን ቆሟል?›› የሚል ነው።

አራተኞቹ ምሥጢሩን የሚፈልጉ ናቸው። እነዚህ ከሁሉ አብልጠው ካመሰገኗቸው አንዱ በማይክል ሺ ድርሰት የተሠራው ‹‹ዘ አውቶፕሲ›› ነው። አንድ በደዌ ሊሞት የቀረበ ሽማግሌ ሐኪም የሞቱትን ሰዎች አስከሬን ሲመረምር በሰው ሥጋ ውስጥ የሚኖር እንግዳ ፍጥረት ያገኘዋል፤ ያም ፍጥረት የሐኪሙን ሥጋ ሊለብስ ይመጣል። ሐኪሙ ግን ፍጥረቱ በእርሱ ዐይን እንዳያይና በእርሱ ጆሮ እንዳይሰማ የገዛ ሕዋሳቱን ያጠፋል፤ የፍጥረቱንም ትምክሕት በድምፅ መቅረጫ አስቀርቶ ለወዳጁ ማስጠንቀቂያ ይተዋል። ሊሞት የተቃረበ ሰው የቀረውን ጥቂት ሕይወት ለባልንጀራው መስጠቱ በእውነት የከበረ ወርቅ ነው። ዳሩ ግን አመስጋኞቹ አንድ ነገር ሳይጠይቁ አለፉ። ይህ ስለ ወዳጅ ነፍስን መስጠት ነው ወይስ ራስን መግደል? ታሪኩ ጥያቄውን በደም ብዛት ሸፍኖታል፤ ሰሙ ከወርቁ ይልቅ ወፍሯል። የተመልካች ተግባር ይህን መለየት ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የተመልካቹን ልብ የሚፈትነው ግን የመጀመሪያው ታሪክ ‹‹ሎት 36›› ነው። አንድ መራራ ሰው፥ በጦር ሜዳ የቈሰለ፥ መጻተኞችን የሚጠላ፥ ባለቤት ያጣ የተከማቸ ዕቃ በጨረታ እየገዛ ይነግዳል። አንዲት መጻተኛ ሴት ‹‹የቤተሰቤን መታሰቢያ ስጠኝ›› ብላ ብትለምነው አዋርዶ ይሰድዳታል። በኋላ ከገዛው ዕቃ ውስጥ የተነሣው ጋኔን ሲያሳድደው ወደ በሩ ይሮጣል፤ ከበሩም ወዲያ የሚያገኘው ያችኑ ሴት ነው። ይለምናታል፤ እርሷ ግን አትከፍትለትም። ወርቁ ግልጥ ነው፤ ምሕረት ያልሰጠ ምሕረት አጣ። በወንጌልም ብዙ ዕዳ ተምሮለት ሳለ በባልንጀራው ላይ ስለ ጨከነው ባሪያ የተነገረው ምሳሌ ይህን ይመስላል።

ይህን ያየ ተመልካች ‹‹እሰይ፥ ይገባዋል!›› ማለት ይቀልለዋል። እንግዲህ ነገሩን እዚህ ላይ ማስተዋል ይገባል። ሰውየው የጠፋው በሩን በሌላው ላይ ስለ ዘጋ ነው፤ የተመልካቹም ደስታ በእርሱ ላይ የሚዘጋ ሁለተኛ በር ነው። ታሪኩ ጭካኔን ሊነቅፍ ተነሥቶ ተመልካቹን በጭካኔ ደስ እንዲለው ካደረገው፥ አስፈሪው ነገር በመስተዋቱ ውስጥ መሆኑ ቀርቶ በተመልካቹ ቤት ተቀምጧል ማለት ነው። ፍርሃትን በቁና የሚሰፍር ሰው ይህን ፍርሃት የሚሰፍርበት ዕቃ የለውም።

በተኣምረ ማርያም የተጻፈው የበላዔ ሰብእ ታሪክ ከማናቸውም አዲስ ትርኢት ይልቅ የሚያስደነግጥ ነው። 78 ሰው የበላ ሰው ታሪክ ነውና፥ የሚሰማው ሁሉ ልቡ በቍጣ ይመላል፤ ፍርዱንም አስቀድሞ ይጨርሳል። ነገር ግን ያ ሰው ለተጠማ ድኻ በእመቤታችን ስም የሰጠው ጥርኝ ውኃ በሚዛን ላይ ሲወጣ የሰሚው ፍርድ ይገለበጣል። በዚያ ታሪክ ፍርሃቱ የተጻፈው ምሕረቱ እንዲታወቅ ነው፤ ጨለማው ቢወፍር ብርሃኑ ይታያልና። ሰሚውም ‹‹እሰይ›› ብሎ አይወጣም፤ ‹‹እኔስ?›› ብሎ ይወጣል።

ከ8ቱ ታሪክ ወደዚህ መዓርግ የቀረበው በጄኒፈር ኬንት የተዘጋጀው የመጨረሻው ‹‹ዘ መርመሪንግ›› ነው። ሕፃን ልጃቸው የሞተችባቸው ባልና ሚስት ወፎችን ለመመርመር ወደ አንድ ብቸኛ ቤት ይሄዳሉ፤ ሚስቲቱ በዚያ የሞቱ ሰዎችን ድምፅ ትሰማለች። በመጨረሻ ከሚያለቅሰው የልጅ መንፈስ አትሸሽም፤ ታጽናናዋለች፤ በእርሱም መጽናናት ለገዛ ልጇ ያላፈሰሰችው ዕንባ መንገድ ያገኛል። የሙታንን ነገር በሚመለከት የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሌላ መሆኑ የታወቀ ነው፤ ነገር ግን ታሪኩ ስለ ሰው ኀዘን የሚናገረው እውነት ነው። ከተመልካቾች አንዳንዶቹ ‹‹ያሳዝናል እንጂ አያስፈራም›› ቢሉም፥ ብዙዎች ይህን ከሁሉ ከተሻሉት ጋራ ቈጠሩት። እንግዲህ ዕንባቸው በቁናቸው ላይ መሰከረበት ማለት ነው። ፍርሃትን ፍለጋ የመጣው ሰው ሳያስበው ያመሰገነው ርኅራኄን ነው።

ስለዚህ እንዲህ ያለውን ትርኢት የሚያይ አዋቂ ሰው ሦስት ነገር ይጠይቅ። ሰሙ ወርቅ ተሸክሟልን? ከክፋቱ አጠገብ መልካም ነገር ቆሟልን? ከተፈጸመ በኋላስ ልብ ለሰው ይራራልን ወይስ ይደነድናል? ጠቢቡ ሰሎሞን ፍርሃትን ከጥበብ መጀመሪያ ጋራ ያያያዘው የሚያስደነግጠው ሁሉ ጥበብ ስለ ሆነ አይደለም፤ ሰው የሚፈራውን አምላክ ካወቀ ሊፈራ የማይገባውንም ስለሚያውቅ ነው። በመስተዋት ውስጥ ያለው ጭራቅ መብራቱ ሲጠፋ ይጠፋል፤ በወንድሙ ጥፋት ደስ የሚለው ልብ ግን መብራቱ ከጠፋ በኋላም ከባለቤቱ ጋራ ወደ መኝታ ይሄዳልና፥ እርሱን መፍራት ይበልጣል።