ሳይደርሱ መመለስ
(ስለ ቶልስቶይ «ሁለት ሽማግሌዎች»)

ሊዮ ቶልስቶይ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1885 ያሳተመውን «ሁለት ሽማግሌዎች» የተባለ አጭር ልቦለድ ሰሞኑን በክበባችን አንብበን እስከ እኩለ ሌሊት ተከራከርንበት። አብዛኞቹ ጓደኞቻችን ታሪኩን ያለ አንዳች ቅሬታ ወደዱት። እኛ ግን ወደነውም አኩርፈነውም ወጣን። ለምን እንዳኮረፍን ከመናገራችን በፊት ላላነበበው ታሪኩን ባጭሩ እናውጋ።

ኤፊምና ኤልሳዕ የአንድ መንደር ገበሬዎች ናቸው። ኢየሩሳሌምን እንሳለማለን ብለው ቃል ከተጋቡ ቆይተዋል። ኤፊም ባለጠጋ፣ ቁጥብ፣ እግሩ ከቤት ቢወጣም ልቡ የማይወጣ ሰው ነው። ኤልሳዕ ደግሞ ንብ አናቢ፣ ሱረት ወዳድ፣ አሥር ቀፎ ሸጦ ስንቁን የሞላ ተጫዋች ሽማግሌ። መቶ መቶ ሩብል ይዘው በእግራቸው ይነሳሉ። አምስት ሳምንት ተጉዘው ሰብል ወደጠፋበት የዩክሬን ምድር ሲደርሱ ኤልሳዕ ውሃ ሊለምን አንድ ጎጆ ጎራ ይላል፤ ኤፊም ይቀድማል። ጎጆው ውስጥ ያለው ቤተሰብ በረሃብ እያለቀ ነው። ኤልሳዕ ነገ እሄዳለሁ፣ ከነገ ወዲያ እሄዳለሁ ሲል ይሰነብታል። በመጨረሻ በመያዣ የተያዘ መሬታቸውን አስለቅቆ፣ ላምና ፈረስ ከነጋሪው ገዝቶላቸው፣ እንደተኙ ሹልክ ብሎ ይወጣል። የቀረውን ቢቆጥረው 17 ሩብል ከ20 ኮፔክ። በዚህ ደሞ ባሕር አይሻገርም። ወደ ቤቱ ተመለሰ።

እስቲ እዚህ ላይ ቆም እንበል፤ የድርሰቱ ትልቁ ነገር እዚህ ያለ ይመስለናል። ቤተሰቡ ከቦ «ምነው ተመለስክ?» ሲለው ኤልሳዕ የሆነውን አይናገርም። ገንዘቤን መንገድ ላይ ጣልኩ፣ ከጓደኛዬም ኋላ ቀረሁ፣ ይቅር በሉኝ ይላል። የቀረችውን ገንዘብ ለሚስቱ ይሰጥና ወደ ሥራው ይገባል። ጎረቤቶቹ እንዲህ ያለ አስተዋይ ሰው እንዴት ይህን ሞኝነት ሠራ እያሉ ይገረማሉ። እሱ ምንም አይል። ቶልስቶይ ይህን ሁሉ በጥቂት መስመር፣ ያለ ሐተታ ነው ያለፈው። አንባቢው ያውቃል፤ አገሩ አያውቅም። እንዲህ ያለውን ጸጥታ መጻፍ ቀላል አይደለም።

ለምን ይህ ክፍል እኛን እንደያዘን መደበቅ አንችልም። ከዚህ ጽሑፍ አዘጋጆች ሁለታችን ባለፈው መስከረም ለ21 ለግሸን ማርያም ንግሥ ከደሴ በእግራችን ተነስተን ነበር። ኩታበርን ብዙም ሳናልፍ ጭቃው በረታ፣ እግራችን ውሃ ቋጠረ፣ የሰው መዓት ጥሎን ሄደ። የተራበ ቤተሰብም አላገኘን፤ ማንንም አልረዳን። ደከመን፣ ተመለስን። ዘመድ ዘንድ ሁለት ቀን ከርመን ቤት ስንገባ «ደረሳችሁ?» ሲሉን «ደርሰናል» አልን። የአንዳችን እናት ለጠበል ብለው ኮዳ ሰጥተውን ነበር። ኮዳውን ከመንገድ ምንጭ ሞላነው። ኤልሳዕ ዋሽቶ ራሱን ዝቅ አደረገ፤ እኛ ዋሽተን ራሳችንን ተራራው ላይ አወጣን።

እንደኛ ላለው መንገደኛ የሚቀርበው ሌላው ተመላሽ ነው። ጆን ባንያን በ1678 ባወጣው የክርስቲያን ጉዞ መጽሐፍ ውስጥ አንድ ሰው አለ፤ በአማርኛ «እሺ ባይ» ብንለው ያምርበታል። ከክርስቲያን ጋር ይነሳል፤ ማጡ ውስጥ ሲወድቁ ተፍጨርጭሮ በቤቱ በኩል ወጥቶ እብስ ይላል። ጎረቤት ተሰበሰበ፤ ግማሹ በመመለስህ ብልህ ነህ፣ ግማሹ መጀመሪያ በመሄድህ ሞኝ ነህ፣ ሌላው ፈሪ አለው። እሱም አፍሮ ቁጭ አለ፤ ኋላ ልብ ሲገዛ ግን ከነሱ ጋር ሆኖ የሄደውን ሰው ማማት ጀመረ። ባንያን ለዚህ ሰው አይራራለትም። ግን አየው፤ የተመላሽን ፊት በደንብ አየው።

አሁን ወደ ኩርፊያችን። ኤፊም ከኦዴሳ በመርከብ ተሳፍሮ ኢየሩሳሌም ይገባል። አብሮት የሚጓዝ ሰው ገንዘቤን ተሰረቅሁ ቢለው አያምነውም፤ በቅዱሱ መቃብር ቅዳሴ ላይ ሳይቀር ሐሳቡ ኪሱ ላይ ነው። ያኔ ቀና ሲል ከፊት፣ ከመብራቶቹ ሥር፣ የኤልሳዕን መላጣ ያያል። አንዴም አይደለም፣ ሦስት ጊዜ። እኛ እዚህ ላይ ነው መጽሐፉን ያጠፍነው። ደራሲው ምን ነካው? ተመላሹን በንቦቹ መሀል ትቶት እንደ መልካም ሰው ሊያሳየን ሲችል፣ በግድ አጓጉዞ መቃብሩ አጠገብ አቆመው። ይህ ከኛ «ደርሰናል» በምን ይለያል? ክብር ያለው መድረስ ላይ ብቻ ነው የሚለውን የጎረቤቶቹን ሚዛን ቶልስቶይ ራሱ መልሶ ያዘው ማለት ነው። ደሞስ ሦስት ጊዜ! አንዴ ቢሆን የደከመ ሽማግሌ ዓይን ነው ብለን ባለፍነው።

አንዲት የክበባችን አባል በዚህ አልተስማማችም። ራእዩ የታየው ለኤፊም እንጂ ለኤልሳዕ አይደለም፤ ኤልሳዕ እዚያ መታየቱን እንኳ አያውቅም፤ እናንተ ግን የራሳችሁን ነገር እዚህ ላይ ለጠፋችሁ አለችን። ይህን ስንሰማ ዝም አልን። መልሰን ብናነበው አባባሏ የሚያስኬድ ነው። ኤፊም ልክ በዓመቱ ሲመለስ፣ ያደሩበት ጎጆ ሰዎች ስለ መላጣው ሽማግሌ ያወሩለታል። መንደሩ ገብቶ ወደ ንቦቹ ግቢ ሲሄድ ኤልሳዕ ያለ መከላከያ ቆሟል፤ ንቦቹ በራሱ ዙሪያ እንደ ወርቅ አክሊል ይዞራሉ። ኤፊም በኢየሩሳሌም ያየውን ሊነግረው ሲዳዳው ኤልሳዕ ነገሩን ቆረጥ አድርጎ ና ግባና ማር ቅመስ ይለዋል። ስለ ቤት ጉዳይ ያወራሉ።

እንግዲህ በራእዩ ላይ ያለንን ቅሬታ ግማሹን አንስተናል፤ ሦስት ጊዜ መደጋገሙን ግን ዛሬም አንቀበልም። ኮዳው እስካሁን በእናታችን ራስጌ አለ፤ ጠዋት ጠዋት ፊታቸውን ያብሱበታል።