በር ላይ የቆመች ሚስት

አቃቂ ላይ በሽተኛ አለመጠየቅ ነውር ነው። እንግዲህ የአጥንት መቅኔ ንቅለ ተከላ ተደርጎለት ከህንድ የተመለሰ ባሏን ሊጠይቅ የመጣን ጎረቤት ከበር የምትመልስ ሚስትን አስቧት! «እትዬ፣ ቅር አይበልዎ፤ በመስኮት ያነጋግሩት» ትላለች። አዲሱ መቅኔ በሽታ መከላከያውን እስኪገነባ ወራት ይፈጃል፤ ከሁሉም የመጀመሪያዎቹ 100 ቀናት ያሰጋሉ፤ ተራ ጉንፋን ነፍስ ሊያሳጣ ይችላል። የልጅነት ክትባቱ እንኳ እንደ አዲስ ይጀመራል። ስለዚህ ውሃውን ታፈላለች፤ ጠያቂ ያመጣውን አይብና እርጎ አመስግና ለሌላው ቤተሰብ ታስቀምጣለች፤ ሽሮው ከምድጃ እንደወረደ ይበላል። ትኩሳቱ 38 ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ነው። ማስታመሙን አገሩ ሁሉ ያውቅበታል። እኔ አብልጬ የማደንቀው ግን የጎረቤትን ቅያሜ ችላ በሩን መጠበቋን ነው።