«ልብ በል» ይቆይ፣ «ብሎኑ ላልቷል» ይቅር

ከጎንደር ወደ ዳባት ስትሄዱ ኮሶዬ ላይ ውረዱና የሰዉን ጨዋታ አዳምጡ። «ልብ በል» ማለት አስተውል ነው፤ «ሆዴ ባሰው» ማለት ከፋኝ። አንጎል የት ሄደ?

ይሄን ሰምቶ «ሳይንሳዊ አይደለም» የሚል ተማሪ አይጠፋም። እኔ አልስማማም። ዊልያም ሃርቪ ልብ ደም የሚገፋ ፓምፕ መሆኑን ያሳየው በ1628 እ.ኤ.አ. ነው፤ ዛሬ «ልብ በል» ሲባል ግን ደረቱን የሚዳብስ የለም። ሆድማ ከአንጎል ጋር በቬገስ ነርቭ የተገናኘ ነው፤ ስንጨነቅ የሚረበሸው በከንቱ አይደለም።

እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ «ጨርቁን ጣለ»፣ «ብሎኑ ላልቷል»፣ «አማኑኤል ይግባ»። የተማርኩት ምህንድስና ነው፤ የላላ ብሎን በመፍቻ ይጠብቃል፣ አለዚያም ይጣላል። የአእምሮ ሕመም ግን መንስኤው ብዙ፣ ሕክምናውም ጊዜ የሚፈልግ ነው። አማኑኤል ደግሞ አዲስ አበባ ያለ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነው። የሆስፒታሉን ስም ስድብ ካደረግነው፣ የታመመ ሰው በሩን እንዴት ደፍሮ ያንኳኳል?

በ2001 እ.ኤ.አ. የታተመ የቡታጅራ ጥናት 178 የታማሚ ዘመዶችን ጠይቆ ነበር። ሦስት አራተኛዎቹ መገለል እንደሚሰማቸው ተናገሩ፤ 37 በመቶዎቹ ደግሞ ሕመሙን መደበቅ ይፈልጉ ነበር። የተደበቀ ሕመም አይታከምም።

ስለዚህ አባባልን በአናቶሚ አንመዝነው፤ በሰው ላይ በሚያደርሰው እንመዝነው። ሥራ ሲበዛባችሁ «ናላዬ ዞረ» በሉ፣ ችግር የለም። የታመመውን ሰው ግን «ታሟል» በሉት። ለታመመ ሰው ሐኪም ይፈለግለታል።