ከጉዱ ካሳ ወደ አደፍርስ፦ በአማርኛ ልብ ወለድ የተዘነጋው ወዳጅነት

የአማርኛ ልብ ወለድ ሂስ እስከ ዛሬ ሁለት ነገር ሲፈልግ ኖሯል፤ ፍቅርንና ፖለቲካን። «ፍቅር እስከ መቃብር» ሲነሳ በዛብህና ሰብለ ወንጌል ይነሳሉ፤ ከነሱ ቀጥሎ ባላባትና ጭሰኛ። «ከአድማስ ባሻገር» ሲነሳ መንገዱ የጠፋበት ምሁር፣ «አደፍርስ» ሲነሳ የአሮጌና የአዲስ ትውልድ ግጭት። በዕድሜ፣ በማዕረግና በትምህርት የማይገናኙ ሁለት ብቸኞች ተገናኝተው የአንዱ ሕይወት በሌላው የሚለወጥበት ወዳጅነት ግን በሂሳችን ውስጥ ቦታ የለውም። ቢጠቀስም «ንዑስ ታሪክ» ተብሎ ይታለፋል። እኔ የምከራከረው ይህ ወዳጅነት በአንዳንድ ታላላቅ ሥራዎቻችን ዋናው ጉዳይ እንደሆነ ነው። ይህን ባለማየታችን ደግሞ ቢያንስ አንድ መጽሐፍ ላይ የተሳሳተ ፍርድ ሰጥተናል፤ እሱም ታሪኩ ሰሜን ሸዋ ውስጥ የሚካሄደው «አደፍርስ» ነው።

በውጭው ዓለም ይህ ዓይነት ታሪክ ዛሬ ራሱን የቻለ ገበያ አለው። ስዊድናዊው ፍሬድሪክ ባክማን በ2012 እ.ኤ.አ. ሚስቱ የሞተችበትንና መኖር ያስጠላውን ኡቬን አቀረበልን፤ ከኢራን የመጣች ነፍሰ ጡር ጎረቤት በሩን ታንኳኳለች፣ ቀስ በቀስም ወደ ሰው ትመልሰዋለች። ስኮትላንዳዊቷ ጌይል ሃኒማን በ2017 እ.ኤ.አ. ባሳተመችው ልብ ወለድ ኤሊኖር የምትባል የግላስጎ ቢሮ ሠራተኛ ከሥራ ባልደረባዋ ጋር ሆና መንገድ ላይ የወደቀ ሽማግሌ ታነሳለች፤ ሕይወቷም ከዚያ ወዲያ ይከፈታል። ሁለቱም በጥሩ እጅ የተጻፉ ናቸው። የሚያጽናኑትን ያህል የሚጠይቁ ግን አይደሉም። በነሱ ዓለም ብቸኝነት ማለት ባዶ ቤት ነው፤ ደግ ሰው ገብቶ ሲቀመጥበት ያበቃል። ወዳጅነቱ ማንንም አያስቀይምም፣ ማንንም ዋጋ አያስከፍልም።

የኛ ልብ ወለድ ቤት ግን ሙሉ ነው። እድር አለ፣ ጽዋ ማኅበር አለ፣ ሰንበቴ አለ፤ ጎረቤት ለቡና ይጠራራል፣ ዘመድ ሳይጠራ ይገባል። ሰው የሚቸገረው ሰው በማጣት ሳይሆን ልኩን የሚያውቅለት በማጣት ነው። ማኅበር የሚጠጣው በአብዛኛው እኩያ ከእኩያው ነው። የባላባት ልጅ ከደብተራ ልጅ፣ ሽማግሌ ከወጣት፣ የተማረ ካልተማረ እንደ እኩያ የሚወዳጅበት የተዘጋጀ ቦታ የለም። ስለዚህ እንዲህ ያለው ወዳጅነት በአማርኛ ልብ ወለድ ሁልጊዜ ድንበር የመጣስ ነገር አለው፤ የሚጥሰውም ይቀጣል።

ጅምሩ ግን ብሩህ ነበር። አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተሙት የመጀመሪያው የአማርኛ ልብ ወለድ፣ ኋላ «ጦቢያ» በተባለው፣ ታሪኩን የሚያስነሳው የፍቅር ጉዳይ አይደለም። ማንነቱን የማይናገር አንድ ነጋዴ ለማያውቀው ምርኮኛ ቤዛ የሚሆን ገንዘብ ይሰጣል፤ የምርኮኛው ልጅ ዋሕድ ያንን ነጋዴ ፍለጋ ይወጣል፤ በባሪያ ነጋዴዎች እጅ ይወድቃል። የቀረው ሁሉ፣ የዋሕድ እህት የጦቢያ የወንድ ልብስ ሳይቀር፣ ከዚህ ከአንድ ባይተዋር ቸርነት የሚመዘዝ ነው። ሂሳችን ይህን ነጋዴ እንደ ታሪክ ማስነሻ ብቻ ቆጥሮት አልፏል።

መርሐቤቴ የተወለዱት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1915 ዓ.ም. «ወዳጄ ልቤ»ን ሲያሳትሙ ወዳጅነቱ ወደ ውስጥ ተመለሰ። እዚያ ሰውየው የሚወዳጀው፣ የሚማከረውና የሚገሠጸው ከገዛ ልቡ ጋር ነው። መጽሐፉ ለምክር የተጻፈ ነውና እንደ ልብ ወለድ ብዙ አልጠይቀውም። ብቸኛ ሰው ከሁሉም የሚቀርበው የገዛ ልቡ መሆኑን ግን ከኅሩይ በፊት በአማርኛ እንዲህ አድርጎ ያሳየ ልብ ወለድ አላውቅም።

ሐዲስ ዓለማየሁ ላይ ስንደርስ ነገሩ ይከብዳል። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን «ፍቅር እስከ መቃብር» የወጋየሁ ንጋቱ የሬዲዮ ንባብ በየቤቱ አስገብቶታል፤ ያ ድምፅ ከሁሉ በላይ ያስለመደን ደግሞ የፍቅረኞቹን ለቅሶ ይመስለኛል። መጽሐፉን ከሬዲዮው ለይቶ ለሚያነብ ግን ሦስት ብቸኞች ይታዩታል። በዛብህ ወላጆቹ በሕመሙ ምክንያት ለእግዚአብሔር የተሳሉት፣ ስለ ገዛ ሕይወቱ ያልተጠየቀ ልጅ ነው። ሰብለ ወንጌል አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ የሚመጥናት ባል አጥተውላት በኩራታቸው ውስጥ የታሰረች ናት። ካሳ ዳምጤ ደግሞ የባላባቱ ቤት ዘመድ ሆኖ ሳለ እውነት በመናገሩ «ጉዱ» የሚል ስም ተለጥፎበት እንደ እብድ የሚታይ ነው። እነዚህን ሦስቱን የሚያያይዘው ጉዱ ካሳ ነው። ያለ እሱ የበዛብህና የሰብለ ፍቅር ከልባቸው ወጥቶ አይሄድም ነበር።

ሐዲስ ግን በዚህ ወዳጅነት ላይ አንድ በደል ፈጽመዋል፤ ለጉዱ ካሳ መድረክ ሰጥተውታል። ስለ ማኅበረሰቡ አሠራር፣ ስለ ባላባትነትና ስለ ልማድ ገጽ በገጽ ይናገራል፤ በዛብህ ያዳምጣል። ንግግሩ ድንቅ ነው፤ ለብዙ አንባቢ የመጽሐፉ አእምሮ እሱ ነው። እንደ ወዳጅነት ሲታይ ግን ያደክማል፤ አንዱ ብቻ የሚናገርበት ወዳጅነት ወደ ትምህርት ቤት ይጠጋል። የሚያድነው ንግግሩ ሲያልቅ የሚመጣው ነው። ጉዱ ካሳ ወጣቶቹ ሲጨነቁ ጊዜውን፣ ስሙንና በዘመድ ዘንድ የቀረችውን ጥቂት ክብር ያወጣላቸዋል። በዚያ ጊዜ አይሰብክም፤ ይላላካል፣ ይጠነቀቃል፣ ይደብቃል። ሐዲስን እንደ ልብ ወለድ ደራሲ ከፍ የማደርጋቸው ስለ እነዚህ ጸጥ ያሉ አገልግሎቶች ነው፤ ስለ ንግግሮቹ አይደለም።

በ1962 ዓ.ም. ሁለት ልብ ወለዶች ወጡ፤ የበዓሉ ግርማ «ከአድማስ ባሻገር»ና የዳኛቸው ወርቁ «አደፍርስ»። የበዓሉን በአጭሩ ልለፈው። አበራ ወርቁና ኃይለማርያም ካሳ የሚመጣጠኑ፣ ተምረው አንድ ዓለም የሚኖሩ ጓደኞች ናቸው፤ ጓደኝነታቸውን በሉሊት ታደሰ የተነሣ የመጣ ቅናትና ሽጉጥ ያፈርሱታል። መጽሐፉ ጥበቡ የሚያምር ነው፤ ወዳጅነቱ ግን ለመፍረስ ብቻ የተገነባ ስለሚመስለኝ ሲፈርስ ብዙም አያመኝም።

«አደፍርስ» ግን ያመኛል። ደብረ ብርሃን ላይ ሆኖ የሚያነበው ሰው መልክዓ ምድሩን ያውቀዋል፤ ከዚህ ከብርዱ ሜዳ ተነስቶ በጣርማ በር ሲወርድ፣ በጥቂት ጊዜ ውስጥ አየሩ፣ ሰብሉና የሰዉ አለባበስ ሲለወጥ፣ ከታች ደብረ ሲናና አርማንያ። የአካባቢው ልጅ ዳኛቸው ይፋትና ጥሙጋን በመጽሐፉ ውስጥ ሲስለው የብዙ ደራሲያንን ትዕግሥት በሚበልጥ ትዕግሥት ነው። አንዳንዱ ገለጻ ይረዝማል፤ ይህ እውነት ነው። ነገር ግን ገለጻው ውስጥ ወፉም፣ ገደሉም፣ ጉሙም ተሰምተዋል፤ ማንም ማንንም በማይሰማበት መጽሐፍ ውስጥ ሰሚው ደራሲው ነው።

በመጽሐፉ ላይ የተሰነዘረው የቆየ ወቀሳ «ታሪክ የለውም፤ ወሬ ብቻ ነው» የሚል ነው። ወሬ መብዛቱ ትክክል ነው። ተራኪው ዘወር ይልና ሰዎቹ ራሳቸው እንዲናገሩ ይተዋቸዋል። አማርኛ ለዚህ የሚመች ቋንቋ ነው፤ «አለ»፣ «አለች» ባይባል እንኳ ግሡ ራሱ ተናጋሪው ለማን እንደሚናገር፣ ሴት ትሁን ወንድ፣ ታላቅ ትሁን ታናሽ ይነግረናል። ዳኛቸው ይህን የቋንቋ ጸጋ ማንም ካሰበው በላይ ይጠቀምበታል። አደፍርስ ከዩኒቨርሲቲ ለአገልግሎት የመጣ ተማሪ ነው፤ የሚናገረው በመጽሐፍ ቃል፣ በክርክር ሥርዓት ነው። የሚመላለስበት ቤት የባለርስቷ የወይዘሮ አሰጋሽ ነው፤ እዚያ የሚነገረው በምሳሌያዊ አነጋገር፣ በርስትና በጸሎት ቋንቋ ነው። የአሰጋሽ ልጅ ጺዎኔ ደግሞ ልቧ ወደ ምንኩስና ያደላ ወጣት ናት።

አሁን ወዳጅነቱን እንፈልግ። አደፍርስ አገሩ የራሱ ሆኖ ባይተዋር ነው፤ የሚናገረውን የሚረዳለት የለም። ጺዎኔ በሙሉ ቤት ውስጥ ብቸኛ ናት። ወይዘሮ አሰጋሽ ባለ ርስት፣ ባለ ቤት ሆነው በሚጨነቁለት ሁሉ ተከበው ብቸኛ ናቸው። ሦስቱም ይነጋገራሉ፣ ብዙ ይነጋገራሉ። ጥያቄ ይጠየቃል፤ መልሱ ለጥያቄው ሳይሆን ለራሱ ለመላሹ ሐሳብ ይሰጣል። አደፍርስ ጠይቆ የሚመጣውን መልስ ከመስማቱ በፊት ቀጣዩን ክርክር ያዘጋጃል። ሌላው ምሳሌያዊ አነጋገር ይጠቅሳል፤ ምሳሌው ነገሩን ይዘጋዋል። በዛብህ ቢያንስ ያዳምጥ ነበር፤ እዚህ ግን ጉዱ ካሳ በዝቶ በዛብህ ጠፍቷል። ታሪኩ ይህ ነው። ወዳጅ መሆን የሚገባቸው ሰዎች ወሬ እያላቸው ወዳጅ ሳይሆኑ መቅረታቸው በራሱ ሙሉ ሴራ ነው፤ ዳኛቸውም በእያንዳንዱ ምልልስ ያራምደዋል። መጨረሻ ላይ አደፍርስ በተማሪዎች ግርግር መካከል ሕይወቱ ሲያልፍ ሞቱ በድንገት የመጣ የሚመስለን፣ በፊት በየገጹ ሲቀር የነበረውን መደማመጥ ካልቆጠርነው ነው።

«የትውልድ ግጭት» የሚለው የክፍል ውስጥ ፍርድ መጽሐፉን የሚበድለው እዚህ ላይ ነው። አደፍርስን አዲስ፣ ወይዘሮ አሰጋሽን አሮጌ ብሎ ከመደበ በኋላ ሁለቱ የሚመሳሰሉበትን አያይም። ሁለቱም ሰው የሚወዱ ናቸው፤ ሁለቱም የሚወዱትን ሰው ማሸነፍ ይፈልጋሉ። እኔ ከሁሉም ይልቅ የማዝነው ለወይዘሮ አሰጋሽ ነው። በአማርኛ ልብ ወለድ ባለርስት ሴት ብዙ ጊዜ ለጥላቻ ትዘጋጃለች፤ ዳኛቸው ግን ለእሳቸው ጆሮውን ሰጣቸው፣ በቋንቋቸው ሙሉ ሆነው እንዲናገሩ ፈቀደላቸው፤ ስለዚህ ክፋታቸውን እያየን ብቻቸውን መሆናቸውንም እንሰማለን። ከሐዲስ ፊታውራሪ መሸሻ ጋር ስናስተያያቸው ልዩነቱ ይገለጣል፤ መሸሻ እንዲፈረድባቸው ተጽፈዋል፤ አሰጋሽ እንዲሰሙ።

ዳኛቸው በ1973 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝኛ ባሳተመው «አሥራ ሦስተኛዋ ፀሐይ» ይኸው ብቸኝነት ይቀጥላል። የታመሙት ፊታውራሪ ወልዱ፣ ልጆቻቸው ጎይቶምና ወይኒቱ ወደ ዝቋላ ለጸበል ይወጣሉ፤ በዚያ ተራራ ላይ ግን ወዳጅነት የሚሞከር ነገር አይደለም፤ ዝምታውና ንቀቱ ሁሉንም ቀድሞ ይዟል። ብዙ የውጭ አንባቢ ያወቀው በዚህኛው መጽሐፍ ነው፤ ቅርጹም ከቀዳሚው ይልቅ የተጣራ ነው ይባላል። እኔ የተንዛዛውንና ወሬ የሚያበዛውን «አደፍርስ» አስበልጣለሁ፤ ምክንያቱም በ1962ቱ መጽሐፍ ሰዎቹ ባይደማመጡም ገና ይጠራራሉ፣ አንዱ የሌላውን ደጅ ይረግጣል፣ ክርክሩ ቢያስቀይምም በማግስቱ እንደገና ይጀመራል።